«እንጀራ ብቻ እየበላሁ የሴሊያክ ውጤቴ ለምን አይወርድም?»

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለዓመታት ሲያሰቃየኝ የነበረው የሆድ መነፋትና የደም ማነስ ሴሊያክ (በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) መሆኑ ከ10 ወር በፊት በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ኬክ በአፌ አልዞረም። ጤፍ ግሉተን የለውም ስለተባልኩ እንጀራ ነው የምበላው። ሆዴ ግን አሁንም ይነፋል። የቲቲጂ (በሽታውን የሚከታተለው የደም ምርመራ) ውጤቴ መጀመሪያ «ከ100 በላይ» ነበር፤ አሁን 68 ነው። ሐኪሜ «አሁንም ግሉተን እየበላሽ ነው» አለችኝ፤ እኔ ደግሞ እንደማልበላ አውቃለሁ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ሁሉን ይበላሉ። እናቴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው፤ በስልክ ባስረዳት «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብላ ሳቀች። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ሐኪምዎም እርስዎም ልክ ሳትሆኑ አትቀሩም። እርስዎ አውቀው አልበሉም፤ ግሉተን ግን በየቀኑ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከጥያቄዎ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፦ እንጀራውን ከየት ነው የሚያገኙት? በዚህ የምጀምረው ለሴሊያክ ታማሚ ወገኖቻችን ምክር ስሰጥ ደጋግሜ የማገኘው ችግር እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ዳቦንና ፓስታን በቆራጥነት የተወ ሰው በቀን ሁለቴ በሚቆርሰው እንጀራ ይታመማል።

ጤፍ ግሉተን የለውም የተባሉት እውነት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕሙማንን የመከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንደሌለባቸው አሳትመዋል። ጥርጣሬው ከጤፉ ይነሳና እንጀራው ላይ ይረፍ። አሜሪካ ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ብዙው ቅልቅል ነው። ጤፍ ውድ ነው፤ ጤፍ ብቻውን ሲጋገር ደግሞ ዓይን አላወጣ፣ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ብዙ ሰው አስቸግሯል። ስለዚህ ገብስ ይገባበታል፤ ሰልፍ ራይዚንግ ይገባበታል። ሰልፍ ራይዚንግ ሌላ ነገር አይደለም፤ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት ነው። በቀለሙ ለመለየት አይሞክሩ። ነጭ የሆነው ሩዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፣ ሩዝ ደግሞ አይጎዳዎትም፤ ጠቆር ያለው በበኩሉ ግማሹ ገብስ ሊሆን ይችላል።

የላስቲኩን ጽሑፍ አነባለሁ ካሉኝ ደግሞ እዚህ አገር አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ስንዴ መኖሩን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ግን በዚያ ግዴታ ውስጥ የሉም። «ኮንቴይንስ ዊት» (ስንዴ አለበት) የሚል ማስጠንቀቂያ ስላላዩ ብቻ አይዘናጉ። ሙሉውን የይዘት ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ «ባርሊ» ወይም «ሞልት» ካለበት ገብስ አለበት ማለት ነው። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ እዚያ ግሉተን ያለው እህል ሁሉ፣ ገብስም ጭምር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ጎላ ብሎ መጻፍ አለበት። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን፣ ከሰው ቤት ተጋግሮ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን እንጀራ ይተዉት፤ ባለሱቁ በእግዜር ስም ቢምልልዎትም።

«100% ጤፍ» እና «ግሉተን ፍሪ» የሚሉት ሁለት ጽሑፎችም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ቅልቅሉ ነው የሚናገረው፤ ዱቄቱ የት እንደተፈጨ፣ በየትኛው ምጣድ እንደተጋገረ አይነግርዎትም። ሁለተኛው ሕጋዊ ግዴታ አለበት፦ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ነው ሊኖር የሚችለው። በ2020 የወጣው ተጨማሪ ደንብ ደግሞ እንደ እንጀራ ያለ የቦካ ምግብ ከመቦካቱ በፊትም ንጥረ ነገሮቹ ከግሉተን ነፃ እንደነበሩ አምራቹ በሰነድ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህ የተጨመረው ያለምክንያት አይደለም። ሲቦካ ፕሮቲኑ ስለሚቆራረጥ የተለመደው የላቦራቶሪ መለኪያ አሳንሶ ያነባል። ለቤት የሚሸጡትን የግሉተን መፈተሻዎች ገዝተው እንጀራ ላይ ለመሞከር አስበው ከሆነ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። «ሦስት ቀን ቦክቶ እርሾው ግሉተኑን ይበላዋል» የሚለውንም ወሬ አይመኑ። የተወሰነውን ይቆራርጠዋል እንጂ ለእርስዎ አንጀት የሚበቃ አያጠፋም።

«ትንሽ ገብስ ምን ያደርጋል?» ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ ጥናት አለ። ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ሆኖ በ2007 የታተመ ነው፤ በሽታቸው ጋብ ያለላቸው ሕሙማን ለሦስት ወር በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ሲወስዱ የአንጀታቸው ግድግዳ መጎዳት ጀመረ። አንድ ቁራጭ ሳንድዊች ዳቦ 2 ግራምና ከዚያ በላይ ግሉተን ይይዛል፤ 50 ሚሊግራም ማለት እንግዲህ የዚያ ቁራጭ 40ኛ ክፍል ቢሆን ነው። ከዱቄቱ አንድ አሥረኛው ብቻ ገብስ የሆነበት እንጀራ ይህን መጠን በአንድ ማዕድ ብዙ እጥፍ ያልፈዋል።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ የሱቅ እንጀራ አቁመው ራስዎ እንዲጋግሩ ነው የምመክረው። ካልሆነ ደግሞ በላዩ «ግሉተን ፍሪ» የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ። ዱቄቱም እንዲሁ ምልክቱ ያለበት ይሁን። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ከተዘራ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ የሚመጣ ዱቄት እንደልብ ይገኛል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ጤፍ ጣዕሙ ሌላ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስንዴ በተወቃበት አውድማ ላይ ተወቅቶ፣ ስንዴ ሲፈጭ በዋለ ወፍጮ ተፈጭቶ ነው የሚደርስዎት። ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ከፊትዎ ያለችው ሴትዮ ስንዴ ካስፈጨች የመጀመሪያው ሁለት ጣሳ ዱቄትዎ የእርሷ ነው።

እርሾ ከጎረቤት አይዋሱ። የጎረቤትዎ ሊጥ ገብስ ካለበት እርሾውም አለበት። አዲስ ለመጀመር ከባድ አይደለም፦ የጤፍ ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ በንጹሕ ዕቃ አቡክተው፣ ከድነው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይተዉት። አረፋ ሲያወጣና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ዓይን ቢያንሳቸው አይዘኑ፤ እርሾው እየጠነከረ ይሄዳል። አብሲቱን አይዝለሉ፤ ወደ ሊጡ ሲመልሱትም ለብ ብሎ እንጂ እየፈላ አይሁን፣ እርሾውን ይገድለዋል። አሁንም እንጀራው ከተሰባበረብዎ የሩዝ ወይም የማሽላ ዱቄት፣ ምልክቱ ያለበት፣ ጥቂት ይጨምሩ። ሁለቱም ግሉተን የላቸውም።

አሁን ዕቃው። ቅልቅል ሊጥ ሲጋገርበት የኖረ የሸክላ ምጣድ ካለዎት ለሌላ ሰው ይስጡት፤ የማይጣበቀውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በደንብ አጥቦ መጠቀም ይቻላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ማሰሻውን ነው። በየእንጀራው መሀል ምጣዱን የምናስስባት ጨርቅ ስንት ጊዜ የቅልቅል ፍርፋሪ ጠርጋለች? ይጣሏትና አዲስ ይቅደዱ። ሰፌድም በስንጥሩ መሀል የገባውን አጥቦ ማውጣት አይቻልም፤ ለራስዎ አዲስ ይያዙ። ወንፊት፣ ቡሃቃ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ የመሶቡም ወለል እንዲሁ ናቸው። ባለቤትዎና ልጆችዎ ዳቦ ይብሉ፣ ማንም አልከለከላቸውም። ቶስተሩ ግን የእነርሱ ይሁን፤ ዳቦ የነካ ቢላ የሚገባበት የቅቤና የማር ማሰሮም እንዲሁ። የእርስዎ ዱቄትና እንጀራ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፣ ፍርፋሪ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይወድቅምና። የስንዴ ዱቄት የሚቦካ ከሆነ ደግሞ እርስዎ ወጥ ቤት ባይኖሩ ይሻላል።

እናትዎን በተመለከተ፣ ስለ አንቲቦዲ ማብራራቱን ይተዉትና ስለ ጾም ይንገሯቸው። በሁዳዴ ቅቤ የነካ ማንኪያ የጾም ወጥ ውስጥ የምታስገባ እናት የለችም። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው፣ ቢላው ታጥቦ ነው፣ «ትንሽ ቅቤ ናት» የሚል ቢመጣ በቁጣ ነው የሚመለሰው። ይህ ጥንቃቄ በእጃቸው ያለ ነው፤ የሚቀረው ቅቤውን በስንዴና በገብስ መተካት ብቻ ነው። ለእርስዎ ደግሞ ፍስክ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። «የፈረንጅ በሽታ» ላሉት ደግሞ በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ከምዕራብ ሳሃራ ተፈናቅለው አልጄሪያ በረሃ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ የሚኖሩ ሕፃናት ሲመረመሩ ከ100ው ከ5 በላይ የሚሆኑት ሴሊያክ ነበረባቸው፤ በዚያን ጊዜ ከታወቀው ሁሉ ከፍተኛው ነው። አፍሪካውያን ናቸው።

ሻንጣቸውን ሳይዘጉ ይደውሉላቸው። በሶና ጭኮ ገብስ ናቸው፤ ለሌላው ቤተሰብ ይምጡ። ቆሎም ገብስ ወይም ስንዴ ካለበት እንዲሁ፤ ሽምብራና ሱፍ ብቻ ከሆነ ለብቻው ተቆልቶ ይምጣ። «አጃ ለአጥሚት» ካሉ እምቢ ይበሉ። በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ነው፤ ሌላው አጃ ደግሞ በማሳም በወፍጮም ከገብስ ጋር ይደባለቃል። የበርበሬና የሽሮ ጉዳይ ረጋ ብሎ ማየት ይፈልጋል። በሽሮ ውስጥ ስንዴ የሚጨምር ባለሙያ የለም፤ ግን ምስር ወይም አተር ለቅመው የሚያውቁ ከሆነ በሰፌዱ ላይ ገብስና ስንዴ ምን ያህል እንደሚወጣ አይተዋል። ከዚያ ደግሞ ወፍጮው አለ። እናትዎ ክኩን ለቅመው፣ አጥበው፣ አድርቀው፣ ሳይፈጩ ከነቅመሙ ቢያመጡልዎ፣ እዚህ በራስዎ መፍጫ ይፈጩታል። ይህ ካልተመቸ «ግሉተን ፍሪ» ምልክት ያለበት የሽምብራ ዱቄት ገዝተው በራስዎ በርበሬና ቅመም ይመጥኑት። ምጥን ሽሮውን ባያስንቅም ይበላል።

የፋሲካው ዶሮ ወጥ ራሱ ምንም የለበትም። ድፎ ዳቦው ነው ችግሩ፤ የተቆረሰበት ቢላ፣ የነካው እጅ። ከዚያ ያ እጅ ጉርሻ ይዞ ይመጣል። ከሕሙማን የምሰማው ትልቁ ጭንቅ ይህ ነው፤ ከዳቦ መለየቱ ሳይሆን አክስትን እምቢ ማለቱ። ረጅም ማብራሪያ አይስጡ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉና ጉርሻውን በእጅዎ ተቀብለው ለልጅዎ ያጉርሱ። «አልወደውም» ወይም «ትንሽ ያመኛል» ካሉ ክርክር ይከፈታል፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ካሉ ሽማግሌውም ዝም ይላል። ድግስ ሲጠሩም የራስዎን እንጀራ ጠቅልለው ይሂዱ፣ ወጡ ገና በድስት ሳለ፣ ሰው በእንጀራው ሳያጠቅስበት፣ ቀድመው ያስጨልፉ። ጠላ ብቅሉ ገብስ ስለሆነ አይሆንም፤ ቢራም፣ የማልት መጠጥም። ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ይሆናል።

ስለ ቁርባን አልጠየቁኝም፤ ፋሲካ ስላነሱ ግን ልጨምር። ኅብስቱ የስንዴ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ የምትወሰድ ጥቂት ነገር በየቀኑ ከሚበላ ቅልቅል እንጀራ ጋር አትወዳደርም፤ ምንም አትጎዳም ብዬ ግን አልፈርምልዎትም። ለነፍስ አባትዎ በሽታውን ዘርዝረው ይንገሩና ከሐኪምዎ ጋር ሆነው ይወስኑ።

ምግብ ቤት ሲገቡ «እንጀራው የጤፍ ነው?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ጤፍ አለበትና። «ገብስ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ትጨምሩበታላችሁ? የጤፍ ብቻውን የምትጋግሩበት ምጣድ ለብቻው ነው?» ብለው ይጠይቁ። አስተናጋጁ ካመነታ ክትፎ በአይብና በጎመን፣ እንጀራ ሳይነካው፣ በሳህን ይዘዙ። ቆጮ ካለ ደግሞ ተገላገሉ፤ የእንሰት ነውና ግሉተን የለውም። በነገራችን ላይ እኛ በዚህ በሽታ ከብዙ ሕዝብ ይልቅ የታደልን ነን። ቡላ ገንፎ፣ የጤፍ ቂጣ ጨጨብሳ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሁሉም አሉን። ጣሊያን ፓስታውን ሲያጣ የሚደርስበትን ያህል አይደርስብንም። ቅንጬ ግን የስንዴ ወይም የገብስ ክክ ነውና ይቅር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «ከ100 በላይ» የተባለው ብዙ ላቦራቶሪዎች ከዚያ በላይ ስለማይቆጥሩ ነው፤ የእርስዎ እውነተኛ መነሻ 120 ይሁን 400 አይታወቅም። ከ400 ወደ 68 ከሆነ ጥሩ መውረድ ነው፤ ከ120 ከሆነ አዝጋሚ ነው። በጣም ከፍ ብሎ የጀመረ ሰው ወደ ጤናማው መጠን ለመመለስ ዓመት ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ በአዋቂ ሰው የአንጀቱ ግድግዳ እስኪጠገን ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱ ያልተለመደ አይደለም። ስለዚህ 68 ብቻውን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እንጀራውን ከለወጡ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በዚያው ላቦራቶሪ ይድገሙት፤ ቁጥሩ በሌላ ላቦራቶሪ ቁጥር አይነጻጸርም።

የሆድ መነፋቱን ግን መለኪያ አያድርጉት። ጾም ላይ ሽሮ፣ ምስርና ቀይ ሽንኩርት በቀን ሦስቴ የበላ ጤነኛ ሰውም ይነፋል። በተጎዳ አንጀት ላይ ወተት ለጊዜው አለመስማማቱም የተለመደ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ወተት ትተው ይዩት። እንጀራው ተስተካክሎ፣ ቁጥሩ ወርዶ፣ ሆድዎ ግን ካልተሻለው ሌላ ምክንያት ይፈለግ፦ በትንሹ አንጀት የባክቴሪያ መብዛት፣ የትልቁ አንጀት መቆጣት፣ የቆሽት ኢንዛይም ማነስ። ምግቡ ንጹሕ ሆኖም የማይሻለው ዓይነት ሴሊያክ አለ፤ ብርቅ ነው፣ እርስዎ ገና እዚያ የሚደርሱ አይደሉም።

ለሐኪምዎ ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። የደም ማነሱ ስለነበረ የብረት ክምችት፣ ፎሌት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ይለኩ። ጤፍ ብረት አለው ብለው አይተማመኑ፤ አንጀቱ እስኪጠገን በደንብ አይወስደውም፣ እንክብሉ ያስፈልግ ይሆናል። ለዓመታት ሳይታወቅ ስለቆየ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ይገባዎታል።

ሁለቱ ልጆችዎም ይመርመሩ፣ ምንም ሕመም ባይታይባቸውም። የቅርብ ቤተሰብ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል፤ ወንድምና እህት ካለዎት እነርሱም፣ ሳቅ ቢሉም እናትዎም። ምርመራው የቲቲጂና የጠቅላላ አይጂኤ (የቲቲጂው ውጤት እንዲታመን አብሮ የሚለካ አንቲቦዲ) የደም ምርመራ ነው። የቤቱን ምግብ በአንድነት ልለውጥ ብለው አስቀድመው ከዳቦና ከፓስታ እንዳያወጧቸው፤ ግሉተን የማይበላ ሰው ደሙ ነፃ መስሎ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ከዚያ የፈለጉትን ያብስሉ።